ከደጀ ሰላም እስከ ችሎት ደጅ፦ ሰላምታና ምስጋና በልደታ

ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ የሚመለሰው ምእመንና ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ ችሎት የሚጣደፈው ባለጉዳይ ጠዋት በሁለት ሰዓት ገደማ በመንገድ ይተላለፋሉ፤ አንዱ ከደጀ ሰላም እየወጣ፣ ሌላው ወደ ችሎት ደጅ እየገባ፣ ሁለቱም ግን የሚያውቁት ሰው ካጋጠማቸው ቆመው እጅ ሳይነሳሡና የቤተሰቡን ደኅንነት ሳይጠያየቁ ማለፍ አይሆንላቸውም። የታሰረ የወንድማቸውን ልጅ ጉዳይ ለመስማት ከምሥራቅ ጎጃም የመጡ አንድ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ የሚጠብቃቸውን የአገራቸውን ልጅ ባገኙ ጊዜ፣ ጠበቃው መዝገቡን በብብቱ ይዞ ሰዓቱን እያየ አጠገባቸው ቆሞ ሳለ፣ የተነጋገሩት እንዲህ ነበር።

«እንደምን ከረምህ፣ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንቱስ እንደምን ከረሙ፣ አያ?»

«ይመስገን። ባለቤትህ ደኅና ናት? ልጆችሳ?»

«ደኅና ናቸው፣ ተመስገን። እማማስ? አዝመራውስ እንዴት ነው?»

«አለች፣ ተመስገን። አዝመራውም ዘንድሮ ክፉ አይደለም። ጎረቤቶችህ ደኅና ናቸው?»

ጎረቤቶቹን ሽማግሌው በዓይናቸው አይተዋቸው አያውቁም። ልጁም ቢሆን የሚኖረው በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ከጎረቤቶቹ ከሁለቱ በቀር የማንንም ስም አያውቅም፤ ነገር ግን «ደኅና ናቸው» አለ። ስለታሰረው ልጅ የተጠየቀው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጠበቃው፣ ወጣትና ያዲስ አበባ ልጅ፣ «ሰላም ነው፣ አባቴ?» ብሎ አንዴ ጠይቆ መልሱንም ሳይጠብቅ ወደ ጉዳዩ ሊገባ የቸኮለ ሰው፣ ይህ ሁሉ እስኪፈጸም ድረስ ቆሞ ጠበቀ።

ይህ የሰላምታ ርዝመት ለከተሜው ጊዜን ማባከን ይመስለዋል፤ ከባላገር የመጣው ደግሞ የጠበቃውን አጭር ሰላምታ የቁጣ ምልክት አድርጎ ይተረጉመዋል። ሁለቱም የሚናገሩት አማርኛ ነው፤ ሰዋስዋቸው አንድ፣ መዝገበ ቃላታቸውም ለጥቂት ካልሆነ በቀር አንድ ሆኖ ሳለ፣ ሰላምታ ግን የት አገር ልጅ እንደሆኑ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ይናገርባቸዋል። ልደታም ለዚህ ነገር የተመቸ ሰፈር ነው፤ ምክንያቱም ፍርድ ቤቱ፣ የደጃዝማች ባልቻ ሆስፒታል፣ ብዙም ሳይርቅ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ ከሁሉም በፊት የነበረው ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከየአውራጃው የመጣውን ሕዝብ በየቀኑ እያገናኙ ሰላም ሲባባል ያሰሙናልና።

የአማርኛ ሰላምታ የጊዜ ሥርዓት አለው። ትናንት ማታ የተለያዩ ሰዎች «እንደምን አደርህ» ይባባላሉ፤ ጠዋት የተለያዩ ማታ ሲገናኙ «እንደምን ዋልህ»፤ ለምሽቱ «እንደምን አመሸህ»፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሳይተያዩ ለቆዩ «እንደምን ሰነበትህ»፤ ክረምት ለለያያቸው ደግሞ «እንደምን ከረምህ» አለ። ይህ የመጨረሻው፣ ዓባይና ገባሮቹ ሞልተው መንደሩን ከመንደር ለወራት በሚቆራርጡበት አገር፣ ጎተራው ሟጦ እሸቱ ገና ባልደረሰበት ወቅት፣ ለወጉ ያህል የሚባል ነገር አልነበረም፤ መስከረም ሲጠባ ወንዙ ጎድሎ ወዲያ ማዶ ያለው ዘመድ ብቅ ሲል፣ ከረመ ወይ ብሎ መጠየቅ በሕይወት ተረፈ ወይ ብሎ መጠየቅ ነበር። የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሁሉ «ሰላም ነው?» በሚለው አንድ ጥያቄ ጠቅልሎታል፤ ወጣቱም «ፒስ ነው?» ብሎ ደግሞ አሳጥሮታል። በዚህ የምንከስሰው የለም፤ በአንድ ቀን ውስጥ ስንት ሰው የሚያጋጥመው ከተሜ ለእያንዳንዱ ከብቱንና አዝመራውን ይጠይቅ ቢባል ከቤቱ ወጥቶ ሥራው ቦታ ሳይደርስ ይመሽበታል።

ይሁን እንጂ የባላገሩ ረጅም ጥያቄ ወሬ ለማወቅ የሚጠየቅ ነው የሚል ሰው ይሳሳታል። ለዚህ አብነት የሚሆነን የመርዶ ሥርዓት ነው። ከአገር ቤት የመጣው እንግዳ የምትጠይቀው እናትህ ከሁለት ሳምንት በፊት አርፋ እንደሆነ እያወቀ፣ በመንገድ ላይ «እናቴስ?» ብለህ ብትጠይቀው «ደኅና ናት» ይልሃል፤ መርዶ የሚነገረው ዘመድ አዝማድና ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ብዙ ጊዜም ጎሕ ሳይቀድ ቤት ድረስ ተሄዶ እንጂ፣ በአንድ እጅ ታክሲ እያስቆሙ በሌላው እየተጨባበጡ አይደለምና። እንግዲህ «ደኅና» የሚለው መልስ ስለ ሰዎቹ ጤንነት የተሰጠ ምስክርነት ሳይሆን፣ በተጠያቂውና በጠያቂው መካከል ሰላም እንዳለ የሚያስታውቅ ትእምርት ነው። ከዚህ ጋር የአፋሮችን ዳጉ ያነጻጽሩታል፤ በበረሃ የሚገናኙ ሁለት መንገደኞች ተቀምጠው፣ ያዩትንና የሰሙትን፣ ዝናቡ የት እንደጣለ፣ ግጦሹ የት እንደለመለመ፣ ማን እንደሞተና ማን እንደተጣላ፣ አንዳች ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ለመንገር በሕግ የተገደዱ ናቸው፤ የሰማውም ለሚቀጥለው መንገደኛ ያስተላልፋል፤ የዋሸ ይነቀፋል፣ ይቀጣልም። በአንድ አገር ውስጥ አንዱ ሕዝብ ሰላምታን እውነት ለመንገር፣ ሌላው ደግሞ መራራውን እውነት እስከ ሰዓቱ ለመሸሸግ ይገለገልበታል፤ እኔ በበኩሌ አንዱን ከሌላው አላስበልጥም፤ በረሃው ፈጣን ወሬ ይፈልጋል፣ ደጋው ደግሞ የለቅሶ ሥርዓት።

የዚህ «ደኅና» ችግር የሚታየው በሆስፒታል ነው። የገጠር በሽተኛ ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ «እንዴት ነዎት?» ቢባል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይላል፤ ይህን ካለ በኋላ ነው ልብሱን ገልጦ ወር ሙሉ እንቅልፍ የነሳውን ቁስል የሚያሳየው። ልምድ ያለው ሐኪም ይህን ስለሚያውቅ በመጀመሪያው መልስ አይታለልም፤ ሰላምታውን ሰላምታ ብሎ ተቀብሎ፣ ትንሽ ቆይቶ «ምንዎን ነው የሚያመዎት?» ሲል ሁለተኛ ይጠይቃል። አስታማሚዎችም በአልጋዎቹ መካከል ሲያልፉ ለማያውቁት በሽተኛ «እግዚአብሔር ይማርዎ»፣ «ምሕረቱን ይላክልዎ» ሳይሉ አያልፉም፤ ከወሎ የመጣችው እናት ደግሞ «አብሽሩ» ትላለች። ይህ «አብሽር» የሚለው ከዐረብኛ የመጣ የማጽናኛ ቃል በወሎ የእስላሙ ብቻ ርስት አይደለም፤ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤት እየተዋለደ በሚኖርበት በዚያ አገር፣ አንገቷ ላይ ማዕተብ ያሰረችውም ትለዋለች። የወሎ ቡና ያለ ምርቃት አይጠጣም፤ ሽማግሌው ሲመርቅ ታዳሚው እጁን ዘርግቶ «አሚን» ይላል፤ «አላህ ይስጥልኝ»ና «እግዜር ይስጥልኝ» በአንድ ረከቦት ዙሪያ ሲባሉ ማንም ዘወር ብሎ አያይም።

በጎጃምና በጎንደር ለአዋቂ ሰው «አንቱ» ማለት ዛሬም የሕያው አነጋገር አካል ነው፤ በአዲስ አበባ ግን «አንቱ» እያፈገፈገ ቦታውን ለ«እርስዎ» ለቋል፤ «አያ» የሚለው የታላቅ ወንድም መጠሪያም ለ«ጋሼ»። ሳይታወቅ ከአገር አገር የሚለያየው ደግሞ የሰውነት አኳኋን ነው። ባላገሩ ባርኔጣውን አውልቆ ከወገቡ ዝቅ ይላል፤ ቀኙን ሲሰጥ ግራውን ከክንዱ በታች ይደግፋል፤ ለሽማግሌ ጉልበት፣ ለካህን መስቀል ይስማል። ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳሙ ስንት ጊዜ እንደሚደገም በናፍቆቱ ልክ ስለሆነ ቁጥር አይወጣለትም። የከተማ ጎረምሳ እጁን እንደጨበጠ ቀኝ ትከሻውን ከጓደኛው ትከሻ ያጋጫል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ መጨባበጥ በታገደ ጊዜ፣ ብዙ ሰው በክርን መነካካቱ አላምርህ ስላለው፣ እጁን በደረቱ ላይ አኑሮ ዝቅ ማለትን መረጠ፤ አያቶቹ ያደርጉት የነበረውን እጅ መንሳት ሐኪሞች አዘዙለት ማለት ነው። ለምእመናንማ አዲስ ነገር አልነበረም፤ በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ እርስ በርስ ሰላምታ እንዲሰጣጡ ሲያዝ፣ እያንዳንዱ በግራና በቀኙ ላለው ሰው፣ ወዳጁም ይሁን የማያውቀው፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ይነሣልና።

አሁን ወደ ምስጋና እንለፍ፤ ይህ ነገር ከሰላምታውም ይልቅ ጠለቅ ያለ ነውና። ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት መስኮት ፊት ጥቂት የቆመ ሰው ሁለት ዓይነት ምስጋና ይሰማል። ከተሜው ግልባጩን ተቀብሎ «አመሰግናለሁ» ብሎ ይሄዳል። ከባላገር የመጣችው ሴት ግን «እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥህ፣ ከክፉ ይሰውርህ፣ ውለድ ክበድ» እያለች ወደ ኋላዋ እያፈገፈገች ትወጣለች። «አመሰግናለሁ» በጽሕፈት ያረጀ ቢሆንም በዕለት ተዕለት አነጋገር የከተማ፣ የትምህርት ቤትና የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው፤ ተናጋሪው ራሱ ያመሰግናል፣ የተቀበለውንም ውለታ በራሱ ቃል ይመልሳል። የባላገሯ ምስጋና ግን ሌላ ፍርድ ያለበት ነው፤ እርሷ ድሀ ናት፣ ውለታውን መመለስ አይቻላትም፤ ስለዚህ ዕዳውን ለማይደኸየው ታስተላልፋለች፤ እርሱ ስለ እርሷ ይክፈል። «ክብረት ይስጥልኝ»፣ «ያክብርልኝ»፣ «ያኑርልኝ» የሚሉት ሁሉ በዚህ መንገድ የሚሄዱ ናቸው፤ ተመስጋኙም «አብሮ ይስጠን» ብሎ ከምርቃቱ ለመራቂው ያካፍለዋል። እንዲያውም በልደታ በዓል ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር «ስለ ማርያም» እያለ ለሚለምነው ነዳይ የሚሰጠው ያጣ ሰው «እግዚአብሔር ይስጥህ» ብሎ ያልፋል፤ ያገኘ የሚያመሰግንበትና ያጣ የሚሰናበትበት ቃል አንድ አባት አላቸው።

እዚህ ላይ የመዝገብ ቤቱን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ግልባጭ መስጠት የሠራተኛው ግዴታ ነው፤ ደመወዝ ይበላበታል። ሴትዮዋ ግን ግዴታን ከችሮታ ስላልለየች ወይም እንድትለይ ማንም ስላላስተማራት፣ በሕግ የሚገባትን ወረቀት እንደ ስጦታ ተቀብላ መረቀችው። ምርቃቱ ውብ ነው፤ ዳሩ ግን ሠራተኛው በየቀኑ እንዲህ እየተመረቀ ሲኖር፣ ግዴታው ችሮታ መስሎ ሊታየው እንደሚችል አያጠራጥርም። በዚህ በኩል ብቻ ሲታይ፣ ደረቁ «አመሰግናለሁ» የዜጋ ቃል ሆኖ ይገኛል።

በዕዳ አስተላላፊነቱ የአማርኛው ምስጋና ብቸኛ አይደለም። በጀርመን አገር ደቡብ በባቫሪያ፣ እንዲሁም በኦስትሪያ ተራሮች፣ ገበሬው ውለታ ለዋለለት ሰው «ፈርጌልትስ ጎት» ይላል፤ እግዚአብሔር ብድራትህን ይክፈልህ እንደ ማለት ነው፤ የተመሰገነውም «ዜግነስ ጎት»፣ ይባርከው፣ ብሎ ይመልሳል። እዚያው በደቡብ የመንገድ ሰላምታው «ግሩስ ጎት» ሲሆን፣ በሰሜን በሃምቡርግና በባሕሩ ዳር ያለው ሰው ጠዋትም ማታም «ሞይን» ብሎ በአንድ ቃል ይገላገላል፤ የስዊስ ጀርመንኛ ተናጋሪው «ግሩዌትሲ» ይላል፣ ሲያመሰግንም የፈረንሳዮቹን «ሜርሲ» ይዋሳል። ባቫሪያዊው በሃምቡርግ ሱቅ ገብቶ «ግሩስ ጎት» ቢል ሻጩ ፈገግ እንደሚል ይነገራል፤ የጎጃሙ ሽማግሌም በልደታ ችሎት ደጅ «አንቱ» ሲባሉ ጠበቃው ፈገግ ብሏል። በሃይማኖት የተሞላውና የረዘመው ሰላምታ በተራራው አገር፣ አጭሩ በወደቡ መገኘቱ እንዲያው ያጋጣሚ ነገር አይመስለኝም፤ ወደብና ዋና ከተማ ብዙ እንግዳ ስለሚያዩ ቃል ይቆጥባሉ።

ጀርመኖችና አማርኛ የተዋወቁትም በአንድ የወሎ ሰው አማካይነት መሆኑን ማስታወስ ደስ ያሰኛል። ከቤተ አማራ ከመካነ ሥላሴ የሄዱት አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1649 በሮም ኢዮብ ሉዶልፍ ከሚባለው ጀርመናዊ ሊቅ ጋር ተገናኙ፤ በ1652 ደግሞ በጎታ መስፍን በኤርንስት ተጋብዘው እዚያው ጎታ ድረስ ሄደው ሉዶልፍን ግእዙንም አማርኛውንም አስተማሩት። ሁለቱ በመጀመሪያ የሚግባቡበት ሌላ ቋንቋ ስላልነበራቸው በግእዝ ተነጋገሩ፤ ከተለያዩም በኋላ በግእዝ ተጻጻፉ፤ አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በ1658 በመርከብ አደጋ ሞቱ። ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉን በፍራንክፈርት ያሳተመው ከ40 ዓመት በኋላ በ1698 ነው። ዛሬ በዚያች ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ።

አዲስ አበባ ሰላምታ ስትበደር ኖራለች። ከጣልያን «ቻው»ን ወሰደች፤ አፋቸውን የፈቱበት ልጆች ሁሉ ስንብቱ የአገራችን ይመስላቸዋል። በ1966 ዓ.ም. አብዮት የመጣው «ጓድ» ደግሞ ከነመንግሥቱ ሄደ። ከጎረቤት ቋንቋዎች የሰማችውን ግን ገና በሙሉ ልቧ አልተዋሰችም፤ በታክሲው ውስጥ «አካም ቡልቴ» እና «ገለቶማ»፣ ከመርካቶ በሚመጣው ነጋዴ አንደበት «ከመይ ሓዲርካ» እና «የቐንየለይ»፣ ከወላይታው ወጣት «ሳሮ» ይሰማል፤ የኦሮሞውም የትግሬውም እንደ አማራው ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ ይጠይቃሉ፤ ስለዚህም ሦስቱ በቋንቋ ቢለያዩ በሰላምታ ሥርዓት ጎረቤታሞች መሆናቸው ይታወቃል።

በልደታ በሚያልፈው ቀላል ባቡር ውስጥ ሰው ከሰው ሰላም አይባባልም። ቀድሞ እንግዳ ወደ ቤት ሲገባ ተቀማጩ ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ እያለ «ኖር» ይል ነበር፤ ገቢውም «በእግዜር» እያለ ያስቀምጠው ነበር። ባቡሩ ውስጥ ያለው ተማሪ «ኖር» የሚባለውን ሰምቶት አያውቅ ይሆናል፤ ነገር ግን አንዲት አሮጊት ሲገቡ ብድግ ብሎ «ይቀመጡ፣ እማማ» ሲል፣ እርሳቸውም «እደግ፣ ተባረክ» ሲሉት፣ ከዚያ በፊት ስልኩን ብቻ ያይ የነበረው ሁሉ ለአፍታ ቀና ይላል። በኮንዶሚኒየሙም እንዲሁ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በደረጃ ላይ ራሱን ነቅንቆ የሚተላለፈው ጎረቤት፣ በግንቦት 1 የልደታ ለት ግን ንፍሮና ቅንጬ ይዞ ከሕንፃው በታች ወደ ሜዳው ይወርዳል፤ «እንኳን አደረሳችሁ»፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ይባላል፤ ስም የማይተዋወቁት በዚያች ዕለት ይተዋወቃሉ።

ሩቅ አገር ላለው ዘመድ ሰላምታ የሚላከው ቀድሞ በደብዳቤ ነበር። ልደታ በዚህም ነገር ድርሻ አላት፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ያደረገው ከልደታው አውሮፕላን ማረፊያ ነበር፤ ቦሌ እስኪሠራ ድረስም ተጓዡ፣ የተላከበትን ደብዳቤ ይዞ፣ የሚሸኘው ከዚህ ነበር። የዚያን ዘመን ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ቅርጽ ይጀምራል፤ ጸሐፊው ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል ብሎ ይጠይቅና፣ መልሱን ለመስማት ወራት እንደሚፈጅ ስለሚያውቅ የራሱን መልስ ወዲያው ያስከትላል፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ካንተ ናፍቆት በቀር ደኅና ነኝ ይላል። ስልክ ሲመጣ ይህ ቅርጽ ጠፋ፤ ጥያቄና መልሱ እንደ ጥንቱ የቃል ሰላምታ በየተራ ይሆን ጀመር፣ የጥሪው ሒሳብም በሰላምታው ብቻ ያልቅ ነበር። አሁን ግን በቴሌግራምና በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት የሚልኩ እናት፣ ፍራንክፈርት ላለች ልጃቸው ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ «እንደምን ሰነበትሽ ልጄ፣ ደኅና ነሽ ወይ፣ ልጆቹሳ፣ ብርዱሳ እንዴት ነው፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ካንቺ ናፍቆት በቀር ደኅና ነን፣ ጎረቤቶቹም ሁሉ ሰላም ይሉሻል» ይሏታል፤ በመካከሉ መልስ የሚሰጣቸው ስለሌለ ጠያቂውም ተጠያቂውም ራሳቸው ናቸው፤ ጉዳያቸውን፣ ማለትም የተላከው ገንዘብ መድረስ አለመድረሱን፣ የሚናገሩት በሚቀጥለው መልእክት ነው።